ቀነዓ፣ ሁለቱ ፕሮሰሰሮችና አራቱ ደብዳቤዎች

ቀነዓ ገመዳ የተወለደው ዝዋይ፣ ሐይቁ ዳር ነው። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ልጃቸው ግን ከመረቡ ይልቅ የባለሱቁ ሬድዮ ጀርባ ይስበው ነበር። ኩየራ ሚሽን ትምህርት ቤት ገብቶ እስከ ስምንተኛ ተማረና ናዝሬት ወርዶ አንድ ግሪክ ሬድዮ ቤት ተቀጠረ። አብዮቱ ሲመጣ ግሪኩ አገሩ ገባ፤ ሱቁም ተወረሰ። ቀነዓ የመንግሥት እርሻዎችን በሚያስተዳድር አንድ ቢሮ ቴክኒሻን ሆኖ ገባ። ሥራው ከአዋሽ ዳር እስከ ሐይቆቹ በተበተኑት የእርሻ ጣቢያዎች ያሉትን የመገናኛ ሬድዮዎች መጠገን ነበር። አሮጌዎቹ ሬድዮዎች ሲጣሉ ክሪስታሎቻቸውን እየነቀለ በአንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ያጠራቅማል። ክሪስታል ማለት የጥፍር ያህል የብረት ሽፋን ያላት፣ ሬድዮው በየትኛው ሞገድ እንደሚሠራ የምትወስን ዕቃ ናት። የሚያጠራቅማቸውም መጣል ስለማይሆንለት ነው።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቶት አላገባም። እሑድ እሑድ የሚሄድበት ጸሎት ቤት በ1971 ታሽጎ ማኅበርተኛው በየቤቱ ተበተነ። የሚያውቃቸው ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙት አንገታቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ፤ ቆሞ ማውራት ለሁለቱም ወገን ጣጣ ነበረና። እሱም ተወው። ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ብቻ ሆነ።

ከዚህ ያወጣው ሐዲስ ነበር። ሐዲስ የፊዚክስ መምህር ነው፤ የመንዝ ሰው፣ ረጅም፣ ሲስቅ ድምፅ የማያሰማ። ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ ባለው የቀበሌ ግቢ ግድግዳ ለግድግዳ ይኖሩ ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት ሐዲስ የቼዝ ሰሌዳ ይዞ በሩ ላይ ቆመና፣ «ትችላለህ?» አለው።

«አልችልም» አለ ቀነዓ።

«ጥሩ። የማይችል ሰው ነበር የምፈልገው።»

ስድስት ዓመት ሙሉ እሑድ ከሰዓት ተጫወቱ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሐዲስ ብቻ አሸነፈ። ከዚያ ተቀራረቡ። ቀነዓ ፈረስ ይወዳል፤ አደጋ ላይ የወደቀ ፈረሱን ለማዳን ሌላውን ሁሉ ያበላሻል። ሐዲስ፣ «አንተ ጨዋታውን ሳይሆን ፈረሱን ነው የምትጫወተው» ይለው ነበር። በጨዋታ መሀል እምብዛም አያወሩም። ለቀነዓ ግን ሳምንቱን ሙሉ ያወራው ሁሉ ተደምሮ የዚያን ዝምታ ያህል አይሆንለትም።

በ1978 ሐዲስ ኢሉባቦር ወዳለ የሰፈራ ጣቢያ መምህር ሆኖ ተመደበ። እምቢ ማለት የማይሞከር ነው። ሊሄድ ሲል ተስማሙ፤ በደብዳቤ ይጫወታሉ። የሰሌዳውን ስምንት ዓምዶች በፊደል ሰየሙ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ። ረድፎቹን በቁጥር። አንድ ደብዳቤ አንድ እርምጃ ይይዛል። ደብዳቤው ለመድረስ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ መልሱም ሦስት ሳምንት። በሁለት ዓመት ተኩል የጨረሱት አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ገና መሀል ላይ ነበር። ቀነዓ ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ትቶት ምሳውን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይበላ ነበር።

በ1981 መስከረም ቢሮው በእርዳታ ሁለት ኮምፒውተሮች መጡለት። ናዝሬት ውስጥ ያኔ ኮምፒውተር ያየ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። አንደኛው አሮጌ ነው፤ ውስጡ ኢንቴል የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፕሮሰሰር አለ። ሁለተኛው ታይዋን የተገጣጠመ ሲሆን ፕሮሰሰሩ ኤን ኢ ሲ ከሚባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። ፕሮሰሰር ማለት የማሽኑ አእምሮ ነው፤ ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው። ሊተክላቸው የመጣው የውጭ ባለሙያ ለታይፒስቷ ለዘውድነሽ ደመወዝ መመዝገብ አስተማራትና ተመለሰ። ሲሄድ መሳቢያ ውስጥ ከረሳቸው ዲስኬቶች አንዱ የቼዝ ጨዋታ ነበር።

ዘውድነሽ ዲስኬቱን ለቀነዓ ሰጠችው። «ለእኔ አይሆንም። ለአንተ ግን…» አለችና ሳትጨርስ ተወችው። የብቸኝነቱን ነገር ቢሮው ሁሉ ያውቅ ነበር።

ቀነዓ ጠዋት ጠዋት ሌላው ሠራተኛ ሳይመጣ በአንድ ሰዓት እየገባ መጫወት ጀመረ። አረንጓዴው ስክሪን ላይ ወታደሮቹ በጭረት ተሠርተዋል። ማሽኑ ሲያስብ ምንም አይታይም፤ ጥግ ላይ አንዲት ነጥብ ብልጭ ድርግም ትላለች። ቀነዓ ያንን መጠበቅ ወደደው። ከሦስት ሳምንት ይልቅ ዐሥራ አራት ደቂቃ ነበርና።

በታኅሣሥ ስለ ሁለቱ ማሽኖች ለሐዲስ ጻፈለት። ሐዲስም ተደስቶ ሁለት ገጽ መለሰ። ድሮ ኩየራ ሲያስተምር በሚሽኑ ቤተ መጻሕፍት የቆየ መጽሔት ላይ ስለ ፕሮሰሰር አንብቦ ነበር። «ኢንቴሉ ኦሪጅናሉ ነው» አለ። «ጃፓኑ የእሱን መንገድ ተከትሎ የተሠራ ነው። እኔ ብሆን በኦሪጅናሉ ነበር የምጫወተው። አንተ ግን ሰው ስለነገረህ ብቻ አታምንም፤ ስለዚህ ራስህ ለካ።»

ቀነዓ ለካ። አንድ የቼዝ አቀማመጥ መርጦ ጨዋታውን በአንድ ደረጃ አስተካከለና በእጅ ሰዓቱ ያዘ። ሁለቱ ማሽኖች በሌላ ነገር እንዳይለያዩ ፕሮሰሰሮቹን ነቅሎ በተራ በተራ አሮጌው ማሽን ላይ ሰካቸው። እግሮቻቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ያለ ችግር ገቡ። ሁለቱም የሚሠሩት በ4.77 ሜጋኸርዝ ነው፤ በሴኮንድ ወደ አምስት ሚሊዮን ገደማ ምት ማለት ነው። ኢንቴሉ ዐሥራ አራት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ፈጀ። ጃፓኑ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ተኩል። ሦስት ቀን ደጋገመው፤ ልዩነቱ አልተነቃነቀም። በአንድ ምት ጃፓኑ ትንሽ የበለጠ ይሠራል ማለት ነው።

ውጤቱን ለሐዲስ ጻፈ። በዚያው ደብዳቤ እርምጃውን መላክ ነበረበት። የነበሩበት ቦታ ለቀነዓ ክፉ ነበር፤ ፈረሱ ተከብቧል። ሁለት ምሽት ሲያየው አመሸና በሦስተኛው ቀን ጠዋት አቀማመጡን ማሽኑ ላይ ደርድሮ ጃፓኑን ጠየቀው። ማሽኑ ፈረሱን ጥሎ በሌላ በኩል ወታደር ገፋ። ቀነዓ ያንን ጽፎ ላከ። ፖስታውን ሲያሽግ ትንሽ ቅር አለው፤ ግን ሦስት ሳምንት ጠብቆ መሸነፍም ሌላ ቅሬታ ነው።

መልሱ በመጋቢት መጀመሪያ ደረሰ።

«ወንድሜ ቀነዓ» ይላል ደብዳቤው። «ስለ ጃፓኑ ተሸንፌያለሁ፤ የለካ ሰው ያሸንፋል። ግን የለካኸው በአንድ ፍጥነት ብቻ ነው። የፍጥነቱን ክሪስታል ለውጠህ ሁለቱንም ከፍ አድርጋቸው፤ ማን ቀድሞ እንደሚደክም እናያለን። ለዚህ ደግሞ ክሪስታል ከአንተ በላይ ያለው የለም። ሌላው፣ የላክኸው እርምጃ ጥሩ ነው፤ ምናልባት ያሸንፈኛል። ነገር ግን ያንተ እጅ አይደለም። አንተ ፈረስህን ትተህ አታውቅም። እዚህ አመሻሽ ላይ ሰሌዳውን ሳወጣ ከአንተ ጋር የተቀመጥሁ ይመስለኛል፤ ይህን እርምጃ ሳይ ግን ማን እንደተቀመጠ አላወቅሁም። ብትሸነፍም የራስህን ጻፍልኝ።»

ቀነዓ ደብዳቤውን ቆሞ አነበበው፤ ከዚያ ተቀምጦ ደገመው። አፈረ። ግን ከእፍረቱ ሥር ሌላ ነገር ነበር፤ በዚህ ምድር ላይ እጁን ለይቶ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ።

የታዘዘውንም ጀመረ። የማሽኑን ክሪስታል ነቅሎ ከቆርቆሮው ባለ 18 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ተከለበት። ማሽኑ የክሪስታሉን ቁጥር ለሦስት ከፍሎ ነው ለፕሮሰሰሩ የሚሰጠው፤ ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ስድስት ይደርሰዋል። ኢንቴሉ አሮጌ ሥሪት ነው፤ በጀርባው የተጻፈለት ልክ አምስት ነው። ቢሆንም ጠዋት በቀዝቃዛው ሠራ፤ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ተኩል ባልሞላ ጊዜ ጨረሰ። ወደ ስድስት ሰዓት የናዝሬት ሙቀት ሲገባ ግን ስክሪኑ ባለበት ደረቀ። ቀነዓ የዘውድነሽን ማራገቢያ ተውሶ አስነሳው፤ ማራገቢያው ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲዞር እንደገና ደረቀ። ጃፓኑ ላይ እስከ ስምንት ይችላል ተብሎ ተጽፎበታል። ባለ 21 ክሪስታል አስገባና ሰባት ሰጠው፤ ስምንት ደቂቃ ከሠላሳ አንድ ሴኮንድ። በቀትርም አልደረቀም። ለየት ያለው ነገር የማሽኑ ሰዓት አብሮ መሮጡ ነው፤ አንድ ሰዓት ሲያልፍ እሱ አንድ ሰዓት ተኩል ይላል። የእጅ ሰዓት ባይኖረው ኖሮ ልኬቱ ሁሉ ውሸት ይሆን ነበር።

በመጋቢት መጨረሻ ለሐዲስ ረጅም ደብዳቤ ጻፈ። ይቅርታ ጠየቀ። የማሽኑን እርምጃ ሰርዞ የራሱን ላከ፦ «ፈረስ ወደ ሰ5።» ከታች ሠንጠረዥ አሰመረ፤ የክሪስታሉ ቁጥር፣ ሜጋኸርዙ፣ የፈጀው ጊዜ፣ የደረቀበት ሰዓት። ደብዳቤውን ፖስታ ቤት አስገብቶ ሲመለስ መንገድ ላይ እያፏጨ ነበር፤ ይህን ያየችው ዘውድነሽ ናት።

ሚያዝያ አለፈ፤ መልስ የለም። ቀነዓ በየቀኑ ወደ ፖስታ ሳጥኑ ይሄዳል። በግንቦት ጄኔራሎቹ መንግሥት ሊገለብጡ ሞክረው ከሸፈባቸው፤ ከተማው ጭጭ አለ። ቀነዓ ግን ጭንቀቱ ሌላ ነበር። ሐዲስ ተቀይሞኛል ብሎ አመነ። በማሽን እጅ ለተጫወተ ሰው ማን ይጽፋል?

በሰኔ ሁለተኛ ሳምንት ሁለት ሰዎች ቢሮው መጡ። ጨዋ ነበሩ። «ለጥያቄ ትፈለጋለህ፤ ቆርቆሮህንም ያዝ» አሉት። ስለ ቆርቆሮው ማወቃቸው አስደነገጠው።

የወሰዱት በሩ ላይ ምንም ወዳልተጻፈበት ቤት ነው። ጠረጴዛው ጀርባ ጓድ ሰብስቤ የሚባል ጎልማሳ ተቀምጧል፤ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝግ ያለ። ፊት ለፊቱ የቀነዓ የመጋቢት ደብዳቤ ተዘርግቷል። ከጎኑ አራት ፖስታዎች ተደራርበዋል። ቀነዓ ከላይ ያለውን ፖስታ ጽሕፈት ወዲያው ለየው። የሐዲስ ነው።

«ፈረስ ወደ ሰ5» አለ ጓድ ሰብስቤ እያነበበ። «ይህ ምንድን ነው?»

«የቼዝ እርምጃ ነው፣ ጓድ።»

«ሰ5 የት ነው?»

«ሰሌዳው ላይ ነው። ዓምዶቹን በፊደል ሰይመን…»

«21 ሜጋኸርዝስ? በዚህ ሞገድ ከማን ጋር ነው የምትገናኘው?»

ቀነዓ አስረዳ። ሜጋኸርዝ የሬድዮ ብቻ እንዳልሆነ፣ ኮምፒውተርም በምት እንደሚሠራ፣ ሁለት ፕሮሰሰሮች እያወዳደረ እንደነበር ነገረው። ሲናገር ለራሱም እውነት አልመስል አለው። ከሬድዮ የተነቀሉ ክሪስታሎች፣ የምስጢር ኮድ የሚመስል ጽሑፍ፣ ሱዳን ድንበር አጠገብ ያለ ወዳጅ፤ እሱ ራሱ ጠያቂ ቢሆን ይጠረጥር ነበር።

«አሳየኝ» አለ ጓድ ሰብስቤ፣ ቀነዓ እዚያው በታሰረ በሰባተኛው ቀን።

አሮጌውን ኮምፒውተር ከቢሮው አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ቀነዓ ክዳኑን ከፍቶ አየ። በተያዘበት ቀን ሲሞክር የነበረው ኢንቴሉን ነው፤ ባለ 18 ክሪስታል እንደተተከለበት። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ነው፤ የክፍሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ይግላል።

«ጓድ፣ ክሪስታሉን ልለውጥ ይፈቀድልኝ። የድሮው እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ነው።»

«ቆርቆሮው ማስረጃ ነው። አይነካም። እንዳለ አሠራው።»

አስነሳው። ሰሌዳው አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ጓድ ሰብስቤ ወንበሩን ሳበ። ቀነዓ አንድ ወታደር ገፋ፤ ነጥቧ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ ነጥቧ ቆመች። ስክሪኑ ደረቀ።

«አጠፋኸው» አለ ጓድ ሰብስቤ።

«ሙቀት ነው። ፕሮሰሰሩ ከልኩ በላይ እየሮጠ ስለሆነ ሙቀት ሲጨመርበት አይችልም። ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ የእሱ አይደለም። በማለዳ ቢሆን ይሠራል። ደብዳቤው ላይም ይህንኑ ጽፌያለሁ፤ የመጨረሻው ዓምድ።»

ጓድ ሰብስቤ ደብዳቤውን አንሥቶ የመጨረሻውን ዓምድ አየ። «ስድስት ሰዓት፤ ደረቀ» ይላል። ደብዳቤውን አጥፎ፣ «ነገ ጠዋት በዐሥራ ሁለት ሰዓት» ብሎ ወጣ።

ቀነዓን በማግስቱ ፀሐይ ሳትጠነክር አመጡት። እንደ ልማዱ መስኮቱን መክፈት ፈልጎ ጠየቀ፤ ፈቀዱለት። የናዝሬት የጠዋት ንፋስ ገባ። ማሽኑን አስነሥቶ ሲለካበት የነበረውን አቀማመጥ ደረደረ። ነጥቧ ብልጭ ድርግም አለች፤ ሳትቆም። ጓድ ሰብስቤ ሰዓቱን ከእጁ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ዐሥራ አንድ ደቂቃ ሲያልፍ ማሽኑ እርምጃውን ተጫወተ። ሰውየው ደብዳቤውን አየ፤ ሰዓቱን አየ። ልክ ነበር።

«ጃፓኑ በስምንት ተኩል ነው የሚጨርሰው አይደል?» አለ።

«አዎ፣ ጓድ።»

«ይህን ሁሉ ያደረግኸው ለጨዋታ ነው?»

«አዎ፣ ጓድ።»

ጓድ ሰብስቤ ትኩር ብሎ አየው። ክፋት በፊቱ ላይ አልነበረም፤ ምናልባት ለዚህ ነው ጥያቄው የባሰ የጎዳው።

«ሰው የለህም?»

ቀነዓ መልስ ፈለገ። አባቱ ሞተዋል፤ እናቱ ሞተዋል። እህቱ አሰላ ናት፤ በዓመት አንዴ መልእክት ትልክለታለች። ማኅበርተኛው ተበትኗል። አንድ ሰው ነበረው፤ የእሱም ደብዳቤዎች እዚያ ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ማሽኑን አጠፋ።

በዘጠነኛው ቀን ለቀቁት። ከእንግዲህ ወደዚያ አካባቢ እንደማይጽፍ ፈርሞ። ሊወጣ ሲል ድፍረት አግኝቶ፣ «ጓድ፣ እነዚያን አራት ደብዳቤዎች ላንብባቸውና ልመልስ?» አለ።

«ፋይል ውስጥ ገብተዋል» አለ ጓድ ሰብስቤ። «ሂድ፣ ወንድሜ።»

ቢሮው ሲመለስ ኮምፒውተሮቹ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተጭነው ሄደዋል። ከሥራ አላባረሩትም፤ ጣቢያዎቹን እንዲዞር ግን አልተፈቀደለትም። መስኮት በሌለው ክፍል የተሰበረ ስልክ ሲጠግን ይውላል። ዘውድነሽ አልፎ አልፎ በሩ ላይ ቆማ፣ «ደህና ነህ?» ትለዋለች፤ ደህና ነኝ ይላታል። ከዚህ በላይ መቆም ለእሷም ጥሩ አልነበረም።

ያ ዓመትና የሚቀጥለው የቀነዓ የከፋው ጊዜ ነው። የታሰረበት ዘጠኝ ቀን ብዙም አላስጨነቀውም። ሲበላ፣ ሲተኛ፣ መንገድ ሲሄድ የሚያስበው አራቱን ደብዳቤዎች ነበር። ቀነዓ አልጻፈልኝም ብሎ ሐዲስ አራት ጊዜ ጽፏል፤ አራት ጊዜ መልስ አጥቷል። ምን ብሎ ይሆን? ቀነዓ በሐሳቡ ጻፋቸው። የመጀመሪያው ቁጣ ያለበት ነው፤ ሁለተኛው ይቅርታ፤ ሦስተኛው እርምጃ ብቻ፤ አራተኛው የስንብት። አንዳንድ ጊዜ ቅደም ተከተላቸውን ይለውጣል። ሰሌዳው ጠረጴዛው ላይ አቧራ ጠጣ፤ ሊያነሣው እጁ አልሄደም።

በ1983 ጥር የቢሮው ሾፌር ሁንዴ ከሻሸመኔ ሲመለስ፣ «ያ ረጅሙ መምህር ጓደኛህ ኩየራ ነው ያለው። ወባ ጎድቶት መልሰውታል፤ አግብቷል አሉ» አለው።

ቀነዓ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣ። አንድ ቅዳሜ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፍሮ በዝዋይ፣ በላንጋኖ አልፎ ኩየራ ወረደ። ልጅ ሆኖ የተማረበትን ግቢ በአጥሩ በኩል አይቶ አለፈ። የሐዲስን ቤት ጠይቆ አገኘ፤ ከባሕር ዛፎቹ ወዲያ ያለች ትንሽ ቤት ናት። ሐዲስ በሩ ላይ ቆሞ ለትንሽ ጊዜ አላወቀውም። ከስቷል፤ ፊቱ ቢጫ ነው። ከዚያ ተቃቀፉ።

ባለቤቱ ዘርፉ ምሳ አቀረበች። እዚያው ሰፈራ ጣቢያ የተዋወቃት ነርስ ናት። የዓመት ልጅ አዝላለች። ሐዲስ ስለ ወባ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ልጁ ጥርስ አወራ። ቀነዓ እየሰማ የሚጠብቀው ሌላ ነበር። በመጨረሻ ራሱ አነሣው፤ ደብዳቤው እንደተያዘ፣ ይቅርታ እንደጻፈ፣ ክሪስታሎቹን፣ ዘጠኙን ቀን ነገረው። ሐዲስ አዳምጦ እጁን ግንባሩ ላይ ጫነ።

«እኔ ደግሞ ያ አነጋገሬ አስቀይሞህ ነው ብዬ ነበር» አለ። «እኔንም ሁለት ቀን ጠይቀውኛል። ስለ ፈረስ።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

«አራት ደብዳቤ ጽፈሃል» አለ ቀነዓ። «ጠረጴዛው ላይ አይቻቸዋለሁ። ምን ነበር የጻፍህልኝ?»

ሐዲስ አሰበ። ከልቡ አሰበ፤ ቀነዓ ፊቱን እያየ ጠበቀ።

«ይቅር በለኝ» አለ በኋላ። «አላስታውስም። ወባውም ነበር፤ ጊዜውም ረዝሟል። ስለ ዝናብ መሰለኝ። ዝናቡ ብዙ ነበር።»

ከምሳ በኋላ አንድ ጨዋታ ተጫወቱ። ልጁ ወታደሮቹን እየነጠቀ አፉ ውስጥ ይከታል፤ ዘርፉ እየመጣች ታወጣለች። ሐዲስ ጥሩ አልተጫወተም፤ ዓይኑ ልጁ ላይ ነበር። ቀነዓ ማሸነፍ እንደሚችል አየ፤ ግን እኩል እንዲሆን አደረገው። «እየመጣህ ጠይቀን» አለው ሐዲስ ሲሸኘው፤ ከልቡ ነው ያለው። ቀነዓም እመጣለሁ አለ። ሁለቱም የይለፍ ወረቀት ስንት ቀን እንደሚፈጅ ያውቃሉ።

ሲመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠችው ወርቄ የምትባል የሽንኩርት ነጋዴ ናት፤ ዝዋይ ላይ ነው የተሳፈረችው። ጥቂት ከተጓዙ በኋላ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ሬድዮ እንደሚሠራ ሲነግራት፣ «የኔ ሬድዮ ከገና ጀምሮ ይጮኻል እንጂ አይናገርም» አለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንድታመጣለት ቤቱ የት እንደሆነ ነገራት።

ቅዳሜ አልመጣችም። በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ሬድዮዋን በነጠላ ጠቅልላ መጣች። ቀነዓ ሰሌዳውን ከጠረጴዛው አንሥቶ አልጋው ሥር አስገባና ሬድዮዋን በቦታው ፈታው። ብልሽቱ አንድ የተላቀቀ ሽቦ ነበር፤ የዐሥር ደቂቃ ሥራ። እሷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ መቂ መንገድ፣ ስለ ጎረቤቷ ውሻ ታወራለች። እሱ አልፎ አልፎ፣ «እህ?» ይላል፤ ሽቦውን አንሥቶ ያያል፤ መልሶ ያስቀምጣል። ሬድዮውን ዘግቶ ሲሰጣት የቤቱ ጥላ ከደጃፉ አልፎ ግቢው መሀል ደርሶ ነበር።